ጎንደር ውስጥ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ አለ?

የአዘዞው (እሁድ ማታ 3፡20)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። የምኖረው አዘዞ ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ጉዳዬ አረቄ ነው።

ድሮ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛ ጋር ነበር። አሁን ጠዋት ማርከሻ ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሱቄን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል። በፊት ሁዳዴን ሙሉውን ሳልቀምስ እጾም ስለነበር "እኔ ሱስ የለብኝም፣ ስፈልግ አቆማለሁ" እል ነበር። ዘንድሮ የመጀመሪያዋን ሳምንት እንኳ አልዘለቅኩም። ባለቤቴ መናገር ትታለች። ዝምታዋ ከጭቅጭቁ ይብሳል።

ውጭ አገር መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰባሰቡ እንደሚረዳዱ ሰምቻለሁ። እዚህ ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ? ካለ ማን ነው የሚመራው? ስም ይመዘገባል? ይከፈላል? ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። የማውቀው ሰው እዚያ ቢያየኝስ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። "ጠንከር በል" የሚለውን ምክር ግን ጠግቤዋለሁ።

ነርሷ (እሁድ ማታ 3፡55)

ወንድሜ፣ ስለ ስብሰባው የሚያውቁት ይነግሩሃል። ከዚያ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጠዋት ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነገ ተነስተህ ብቻህን በድንገት እንዳታቆም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎል ደግሞ በየቀኑ የሚመጣበትን ለመቋቋም ሥራውን ያፋጥናል። አልኮሉ በአንድ ጊዜ ሲቀር ያንን ፍጥነት የሚገታው ይጠፋል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ጥቂቶች ላይ ደግሞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ከሁሉ የሚከፋው ይመጣል። ይቃዣሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ትኩሳት ይነሳባቸዋል፣ ልባቸው በኃይል ይመታል። ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ላስፈራራህ አይደለም። ሐኪም ሲከታተለው በሰላም የሚታለፍ ነገር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሐኪሙ ካየህ በኋላ ማስታገሻውን ቀን በቀን እየቀነሰ ይሰጥሃል። ቫይታሚን ቢ1ም ይታዘዝልሃል፤ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ይጎድለዋል፣ ጉድለቱም አንጎል ይጎዳል። ማስታገሻውን በራስህ ከፋርማሲ ገዝተህ ከአረቄ ጋር እንዳትደርበው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉ። ደግሞ ስትሄድ የምትጠጣውን መጠን እውነቱን ተናገር። ብዙ ሰው አፍሮ ግማሹን ይደብቃል። መድኃኒቱ የሚለካው ግን በነገርከው ልክ ነው።

የደምቢያ ልጅ (ሰኞ ጠዋት 1፡10)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ስብሰባ የሚባለው ነገር አይገባኝም። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣ ኖሮ አንድ ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ተስሎ አቆመ። በቃ። ሰው ልቡ ከቆረጠ ማንም አያስፈልገውም። ተሰብስቦ ስለ መጠጥ ማውራትስ ይባስ አያስጎመጅም?

ዋርካ ሥር (ሰኞ ምሳ ሰዓት)

የደምቢያው ወንድሜ፣ አጎትህን እግዜር ያቆይልህ። እንደሳቸው የሚያቆም አለ፣ አልክድም። እኔም ተስዬ ነበር፤ ከልቤ ነበር የተሳልኩት። ግን እስኪ አስበው፤ እዚህ አገር ብቻውን መጠጣት የጀመረ ማን አለ? ማኅበር አለ፣ ዝክር አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ። ጥምቀት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ጠላ ነው። በአዘቦት ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ ግሮሰሪው ይጠብቅሃል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቀርቷል፤ ጥሩ ነው። እኛን የሚጠራን ግን ማስታወቂያ አይደለም። የሚጠራን ሰው ነው፣ የምንወደው ሰው። መጠጡን ስትተው ጓደኞችህም አብረው ይሄዳሉ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን የት ትሄዳለህ? ከማን ጋር ትጫወታለህ? ስለት ለዚህ መልስ የለውም። ሌሎች ሰዎች ያስፈልጉሃል። ስብሰባው ለዚህ ነው።

የአዘዞው፣ ለጥያቄህ፤ አለን። ትንሽ ነን። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም፣ ቢሮ የለንም። ፒያሳ አካባቢ አንድ የዕድር ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ ይፈቅዱልናል። 11 ሰዓት እንገባለን፤ ማታ ባጃጅ ስለሚጠፋ ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ እንዲገባ ነው።

እንዴት ነው የሚሆነው ላልከው፤ ወንበሩን ክብ እናደርጋለን። ሻይ በቅርንፉድ ይፈላል፤ ዳቦ የቻለ ያመጣል። የሚመራው በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ አለቃ የለም። መጀመሪያ ደንቡ ይነበባል። እዚህ የተሰማው እዚህ ይቀራል። እዚህ ያየኸውን ሰው ውጭ ስታገኘው "ከዚያ ነው የማውቀው" አትልም። ከዚያ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ሐራራው መቼ እንደመጣበት፣ ምን እንዳደረገ። ሰው ሲናገር አይቋረጥም፣ አይመከርም፣ አይገሰጽም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው መናገር አይገደድም። አንድ ሽማግሌ ሲመጡ በር አጠገብ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሰምተው ሄዱ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ መጡ። ስማቸውን የነገሩን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

መዝገብ የለም። ክፍያ የለም። ለሻይና ለስኳር የምትሆን ሳንቲም ኪሱ የፈቀደለት ያዋጣል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቆም መፈለግ። ጠጥቶ የመጣም አይባረርም፣ የዚያን ዕለት ግን አዳማጭ ይሆናል።

የማውቀው ሰው ቢያየኝስ ላልከው ደግሞ፤ እሱም እኮ አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

ይህን ሥርዓት እኛ አልፈጠርነውም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ከሚባለው የወሰድነው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 አሜሪካ አክሮን በምትባል ከተማ ነው የተጀመረው። አንዱ በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ፣ መጠጥ ካቆመ ወራት የሆነው ሰው ነበር። ለሥራ ሄዶ ነገሩ አልሳካ ሲለው ሐራራው መጣበት። ያን ጊዜ ሌላ የሚጠጣ ሰው አፈላልጎ አነጋገረ። ያገኙለት ሰው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሰዓታት ሲያወሩ ቆዩ። ሐኪሙም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጨርሶ አቆመ፤ ሁለቱም ዳግም አልጠጡም። የደምቢያው ወንድሜ፣ ተሰብስቦ ማውራት አያስጎመጅም ወይ ላልከው መልሴ ይኸው ነው። መጠጡን ሳይሆን መዘዙን ነው የምናወራው፤ የምታወራውም ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው።

የደምቢያ ልጅ (ሰኞ ምሳ ሰዓት)

ገባኝ ወንድሜ። እግዜር ይስጥልኝ።

የቁስቋም ልጅ (ሰኞ ማታ 1፡30)

እኔ ጸበል ነው ያዳነኝ። ሐኪምም ስብሰባም ሳልል ሁለት ሱባኤ ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። ወንድማችን የንስሐ አባቱን አማክሮ ጸበል ቢገባ ነው የምመክረው።

ነርሷ (ሰኞ ማታ 2፡05)

እንኳን እግዚአብሔር ማረህ። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፣ ነገሩን ለመቃወም አይደለም የምጽፈው። ግን በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጸበል ሲገባ መጠጡ በዚያው ቀን ይቋረጣል። ምግብም ይቀንሳል፣ ጾም ነውና። በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ያያል። አብረውት ያሉት "መንፈሱ ጮኸ፣ ሊለቅ ነው" ይላሉ። ያንን መንቀጥቀጥ የሚያመጣው የአልኮሉ መቋረጥ ነው፤ የዚያን ዕለት ሆስፒታል ካልደረሰ ሊሞት ይችላል። አንዳንዱን ዘግይተው ነው የሚያመጡልን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ብቻ እናስተካክል። መጀመሪያ ሐኪም፣ አደገኛው ሳምንት ይለፍ። ከዚያ ጸበሉም ጸሎቱም ስብሰባውም። ጸበል ቦታ ያላችሁ አባቶችና አስታማሚዎች ይህን ካነበባችሁ፣ የመጣው ሰው በየቀኑ ይጠጣ እንደነበር ጠይቁልን።

የልጆቼ እናት (ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ ጠጪ አይደለሁም። ባለቤቴ ነው። የአዘዞው ወንድሜ "ዝምታዋ ይብሳል" ያልከውን ሳነብ አለቀስኩ። ዝም የምንለው ስለጠላናችሁ አይመስላችሁ። የምንለው ስላለቀብን ነው።

ለዓመታት የአረቄ ቤት ዕዳውን እኔ ስከፍል ኖርኩ። ሥራ ሲቀር "አሞታል" ብዬ እደውልለታለሁ። ጠርሙሱን አገኝና እደፋዋለሁ፤ ሌላ ይገዛል። መለኪያ ስቆጥር ነበር የማድረው። አሁን ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አፍልተን እንቀመጣለን፤ የነሱም ባሎች እንደኔው ናቸው። ዕዳውን መክፈል ተውኩ። በሰከረበት ሰዓት አልከራከረውም፤ የምለውን ጠዋት እለዋለሁ። አቁሟል ማለት አልችልም። እኔ ግን እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ልጆቼም ሳቄን ያዩታል።

እጁን የሚያነሳ ባል ያላችሁ ደግሞ ቡናውንም ስብሰባውንም ተዉት። መጀመሪያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደምታምኑት ዘመድ ሂዱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ ከሰዓት)

እህቴ፣ ያንቺ ዓይነቱ የቤተሰብ ስብሰባ በዓለም ደረጃ አለ። አል አኖን ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 የጠጪ ሚስቶች ናቸው የጀመሩት። እናንተ ቡና ላይ የደረሳችሁበት እነሱም የሚሉት ነው፤ "አንቺ አላመጣሽውም፣ አንቺ አትቆጣጠሪውም፣ አንቺ አታድኚውም።"

የፋሲል ግቢ ሠፈር ልጅ ነኝ፤ እዚህ አሜሪካ ነው ያገገምኩት። ስለ ስብሰባዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ዓይነት አሉ። ክፍት የሚባለው ማንም ሰው ገብቶ ማዳመጥ የሚችልበት ነው፤ ቤተሰብም፣ ሐኪምም፣ ተማሪም። ዝግ የሚባለው ግን የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍቱ ይቀልላል፤ ወንድምህን ይዘህ መግባት ትችላለህ። ደግሞ አንድ ቀድሞ ያቆመ ሰው ትመርጣለህ። እንደ ታላቅ ወንድም ይከታተልሃል፤ ሐራራው ሲነሳ ሌሊትም ቢሆን ትደውልለታለህ። እኔን ያተረፈኝ ይህ ነው። ከንግግሩ ይልቅ ስልኩ።

በኢንተርኔት የሚካሄዱም አሉ። በእንግሊዝኛ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት አንድ አይጠፋም፤ ምስልህን አጥፍተህ በሌላ ስም መግባት ትችላለህ። ኔትወርኩ ካስቸገረህ ድምፅ ብቻ ክፈት። ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ግን ጎንደር ያለ አንድ ወዳጄ ብቻውን ቀርቶ አገረሸበት። በእግር የምትደርስበት ስብሰባ ካለህ እሱን አጥብቀህ ያዝ።

አዲስ ዓለም (ማክሰኞ ማታ)

አሰላሙ ዓለይኩም። በስሜ ልገኝ የማልችል ሰው ነኝ። ሙስሊም ነኝ፤ ስለዚህ እናንተ እንኳ "እጠጣለሁ" የምትሉለት ሰው አላችሁ። እኔ ጥፋቱም ኃጢአቱም ነውሩም ተደራርቦብኛል። የምጠጣው ከሠፈሬ ርቄ ነው። ስብሰባችሁ በጸሎት ይከፈታል? ክርስቲያን ብቻ ነው የሚመጣው?

ዋርካ ሥር (ማክሰኞ ማታ)

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። ቤቱን የመረጥነው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንዳይሆን ብለን ነው። ጸሎት ጮክ ብለን አናነብም። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝምታ አለ፤ ሁሉም በልቡ ወደ ፈጣሪው ይላል። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ እንደሚያምነው። ከኛ መካከል አንድ ሙስሊም ወንድም አለ። ከፈቀድክ ብቻህን መጀመሪያ ከእሱ ጋር ሻይ እንድትጠጣ አደርጋለሁ። በመልእክት ሳጥኑ ጻፍልኝ።

ጠማቂዋ (ረቡዕ ጠዋት)

እኔስ ምን ልሁን? ኮረፌና ጠላ ጠምቄ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ጠላ ሳይቀመስ አይወርድም። ደንበኛ "ቅመሺና ስጪኝ" ይላል። ቀምሼ ቀምሼ ማታ እሰክራለሁ። ሴት በመሆኔ ማንም አያምነኝም፤ ያመነኝም ይንቀኛል። ወንዶች መካከል ገብቼ ይህን መናገር አልችልም።

የልጆቼ እናት (ረቡዕ ጠዋት)

እህትዬ፣ የኔ ቤት ነይ። ቅዳሜ ቡናችን ላይ ወንድ የለም። ማንም አይንቅሽም። ቅመሻውን ለጊዜው ለሌላ ሰው ማሳለፍ አትችይም? ልጅ ሳይሆን፣ አንዲት የምታምኛት ጎረቤት። ደንበኛውም "ሐኪም ከልክሎኛል" ስትዪው ዝም ይላል።

ዋርካ ሥር (ረቡዕ ከሰዓት)

እትዬ፣ እንደ እርስዎ ያለች አንዲት እናት እኛ ዘንድ ነበረች። ጠመቃውን በአንድ ጊዜ አላቆመችም፤ ቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ደብተር አለ። መጀመሪያ ቅመሻውን ለእህቷ ሰጠች። ከዚያ እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤት ማስረከብ ጀመረች። የጠላው ገንዘብ ይበልጥ ነበር፣ እሷም ትላለች። አሁንም ይከብዳታል። እርስዎ ግን ይህን መድረክ ላይ መጻፍዎ ቀላል ነገር አይደለም። ከማቆምዎ በፊት ነርሷ የጻፈችውን ያንብቡልኝ፤ ጠላና ኮረፌም ሲበዛና በየቀኑ ሲሆን ያው ነው።

እግረ መንገዴን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመንን አንድ ነገር ልናገር። ከበዓል በፊት ባለው ሐሙስ እምቢ ማለትን እንለማመዳለን። አንዱ ጋባዥ ይሆናል፣ ማንቆርቆሪያውን ይይዛል። ሌላው እንግዳ ነው። "በል ጠጣ እንጂ!" "አይ፣ ይበቃኛል።" "ምን ቀመስክና! በሞቴ!" "አታስምሉኝ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ።" "በገብርኤል! ለዝክሩ ብቻ!" እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። በመልአኩ ስም ተጠርቶ እንዴት እምቢ ይባላል? አንድ ወንድማችን መላ አገኘ። ብርጭቆውን ደፍቶ በላዩ እጁን ያኖርና "ለመልአኩ ስል ነው የተውኩት" ይላል። እንዲህ ሲሉት የሚጨምር ጋባዥ እስካሁን አላገጠመንም። ሌሎች ደግሞ ብርዝ ወይም ለስላሳ ቀድመው ይዘው ይቀመጣሉ፤ እጁ ባዶ ያልሆነ ሰው ብዙ አይለመንም። ቅራሪ ግን እንዳትሞክሩ። ስስ ቢሆንም ጠላ ነው።

የአዘዞው (ረቡዕ ማታ 2፡15)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የነርሷን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዛሬ አብረን ሆስፒታል ሄድን። የምጠጣውን ስናገር አጠገቤ ነበረች፤ ልቀንስ ብልም አልችልም ነበር። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ቀጠሮም ይዣለሁ። ሐኪሙ እነዚህን ቀናት ቤት እንድቆይና ሰው እንዳይለየኝ ነግሮኛል። ወንድሜ መጥቶ አብሮኝ እያደረ ነው።

ስለዚህ ነገ ሐሙስ መምጣት አልችልም። የሚቀጥለው ሐሙስ ግን እመጣለሁ። ዋርካ ሥር፣ ቤቱን እንዴት አገኘዋለሁ? ገብቼስ መጀመሪያ ምን እላለሁ?

ዋርካ ሥር (ረቡዕ ማታ 2፡40)

ጎበዝ! ቤቱን እዚህ አልጽፍም፣ በመልእክት ሳጥን ልኬልሃለሁ። ስትገባ የመጠሪያ ስምህን ብቻ በል፤ እሱንም ካልፈለግክ "ሰላም ዋላችሁ" በቂ ነው። ስልኬም እዚያው አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሐራራው ሲመጣ ደውል። ወንድምህም ቢደውል ግድ የለም።

ነርሷ (ረቡዕ ማታ 3፡00)

እንኳን ሄድክ። ለወንድምህ ንገረው፤ ከመንቀጥቀጥ አልፈህ መቃዠት ከጀመርክ፣ ካስመለሰህና መድኃኒቱ ካልቆየልህ፣ ወይም ከጣለህ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ያምጣህ። ውሃ በብዛት ጠጣ፤ ምግብ ባያሰኝህም አጥሚት ቢጤ ቅመስ። ቢ1ን እጅህ መንቀጥቀጡን ቢያቆምም አታቋርጥ።